ውስጥ ለውስጥ፦ የሰፈር መንገድ የማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ መሪ የጨበጠ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት መላ አለች። ዋናው መንገድ ጥርቅም ሲልበት መሪውን ይጠመዝዝና ወደ ሰፈር ይገባል። “ውስጥ ለውስጥ ልውሰዳችሁ?” ይላል የታክሲው ሾፌር። ተሳፋሪውም ደስ ይለዋል፤ የሰዓት ጉዳይ ነዋ! ከዚያማ ሚኒባሱ በኮብልስቶኑ ላይ እየተንገጫገጨ፣ በየቆርቆሮ አጥሩ ጥግ ጥሩምባ እየነፋ፣ ሕፃናት እያስበረገገ ያልፋል።

እስኪ ቃሉን ልብ በሉት። “ውስጥ ለውስጥ” የነጂ ቃል ነው። ለነጂው አቋራጭ የሆነው ለነዋሪው ደጅ ነው። ሰኞ ማክሰኞ የሚሰመርበት፣ ብይ የሚጫወቱበት፣ በርበሬ የሚሰጣበት፣ እማማ እገሊት በርጩማ አውጥተው ፀሐይ የሚሞቁበት ደጅ። አንዱ አምስት ደቂቃ በሚያተርፍበት ቦታ ሌላው ልጁን “እንዳትወጪ!” ብሎ በር ይዘጋባታል። ያቺ አምስት ደቂቃ ከማን ኪስ እንደወጣች የሚጠይቅ ግን የለም።

ጥያቄው ለእኛ አዲስ ቢመስልም መቶ ዓመት አልፎታል። የሰፈር መንገድ የማን ነው? የሚያልፍበት ሰው ወይስ የሚኖርበት? ይህን ጥያቄ በድንጋይ፣ በጋዜጣ፣ በድምፅ መስጫ ካርድና በፍርድ ቤት የተከራከሩበት ከተሞች አሉ። የእነሱን ታሪክ ዛሬ የምናነሳው የፈረንጅ ከተማ ለማድነቅ አይደለም። ከታሪኩ የምናገኘው አንድ ቁም ነገር ስላለ ነው፦ መንገድ ለመኪና የተሰጠው በተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን በሰዎች ውሳኔ ነው። በውሳኔ የተሰጠ ደግሞ በውሳኔ ይመለሳል። (ዓመቶቹ “ዓ.ም.” ካላልን በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

“ባላገር” የተባለው እግረኛ

በ1923 በአሜሪካዋ ሲንሲናቲ ከተማ 42,000 ሰዎች አንድ ጥያቄ ላይ ፈረሙ። የጠየቁት በከተማዋ የሚነዳ መኪና ሁሉ መቆጣጠሪያ እንዲገጠምለትና በሰዓት ከ25 ማይል፣ ማለትም ከ40 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ መሮጥ እንዳይችል ነበር። ዛሬ ስንሰማው ያስቃል። ለዚያን ጊዜ ሰዎች ግን የሚያስቅ አልነበረም። መንገድ ለዘመናት የሁሉም ነበር፤ ልጅ ይጫወትበታል፣ ነጋዴ ይቸረችርበታል፣ ጋሪ ያልፍበታል። መኪናው በመጨረሻ የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ የቤቱን ደንብ ያከብራል እንጂ ባለቤቱን አያባርርም።

የመኪና ነጋዴዎች ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባቸው። ፍጥነት የሌለው መኪና ማን ይገዛል? ገንዘብ አፍስሰው ዘመቱ፤ ሐሳቡም በድምፅ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ የመኪናው ወገን መከላከል ትቶ ማጥቃት ጀመረ። መሣሪያው ደግሞ ስድብ ነበር። “ጄይ” በጊዜው የአሜሪካ አራዳ አነጋገር “ባላገር” ማለት ነው። መንገድ ላይ እንደ ልቡ የሚሄድ ሰው “ጄይዎከር” ተባለ፤ የከተማ አካሄድ የማያውቅ ገጠሬ ለማለት። በእኛም ከተማ ዜብራ ላይ የተደናገረውን ሰው “ገና ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ” ይሉት የለ? አሜሪካኖቹ ከስድብ አልፈው ሕግ አደረጉት። ሎስ አንጀለስ በ1925 ያወጣችው የትራፊክ ደንብ እግረኛውን ወደ ጠርዝና ወደ ማቋረጫ ገፋው፤ ለሌሎች ከተሞችም አርአያ ሆነ። ባለቤቱ እንግዳ፣ እንግዳው ባለቤት ሆኖ አረፈው።

የዴልፍት “ግቢ”

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተራው የአውሮፓ ሆነ። ዛሬ የብስክሌት አገር እያልን የምናወራላት ሆላንድ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ እንደማንኛውም አገር ለመኪና ስትል ቤት ታፈርስ፣ መንገድ ታሰፋ ነበር። የድሮዎቹ ጠባብ መንገዶች በቆሙና በሚያልፉ መኪኖች ተሞሉ።

በ1963 እንግሊዛዊው ኮሊን ቡካናን ለመንግሥቱ አንድ ዝነኛ ጥናት አቀረበ። ከተማን በቤት መሰለው። ቤት ክፍሎችና መተላለፊያ ኮሪደር አለው። ማንም ሰው ከመንገድ ተነስቶ በሰው ሳሎን አቋርጦ ወደ ጓሮ አይሄድም። ከተማም እንደዚያ ይሁን፤ አላፊ አግዳሚው ትራፊክ በኮሪደሩ ይሂድ፣ ሰፈሩ ግን ክፍል ነውና ክፍልነቱ ይጠበቅለት አለ።

ሐሳቡን ወደ ሰፈር ካወረዱት መካከል ሆላንዳዊው የከተማ ፕላን ሊቅ ኒክ ደ ቡር አንዱ ነው። እንዲህ ላለው መንገድ የወጣለት ስም “ቮንኤርፍ” ይባላል። ወደ አማርኛ ስንመልሰው አለመደነቅ አይቻልም፦ “የመኖሪያ ግቢ” ማለት ነው። መንገዱ መንገድ መሆኑ ቀርቶ የጋራ ግቢ ሲሆን ማለት ነው። በግቢያችን ውስጥ መኪና ይገባል፤ ግን የሚገባው ልጅ እየጠበቀ፣ ዶሮ እያሳለፈ፣ በዝግታ ነው። “ፍጥነት ቀንስ” የሚል ታፔላ የሰቀለ ግቢ አይተን አናውቅም። ግቢ መሆኑ ራሱ ይናገራላ!

ሐሳቡ መሬት የነካው በዴልፍት ከተማ፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ጉዳይ በስፋት የሚነገር አንድ ተረት መሰል ታሪክ አለ፤ ነዋሪዎች በሌሊት ወጥተው የመንገዱን ድንጋይ ነቅለው መኪናው እንዲጠማዘዝ አደረጉት ይባላል። ታሪኩ ያምራል፤ ሲነገር የሚረሳው ግን ዮስት ቫል የሚባል የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ነው። ቫል አሮጌ ሰፈሮችን እየያዘ የእግረኛውን ጠርዝና አስፋልቱን እኩል አደረጋቸው። ዛፍ ተከለ፣ አግዳሚ ወንበር አኖረ፣ የመኪና ማቆሚያውን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያደረገ ቀጥ ያለውን መንገድ ሰበረው። ሥራው ያረፈው አንዲት ቀላል እውነት ላይ ነው። ሾፌር የሚሮጠው ታፔላው ስለፈቀደለት ሳይሆን መንገዱ ስለጋበዘው ነው። ከፊቱ ቀጥ ያለና ሰፊ ነገር ካላየ እግሩ ከነዳጅ መስጫው ላይ ራሱ ይነሳል። ትራፊክ ፖሊስ ሃያ አራት ሰዓት መቆም አይችልም፤ ዛፍ ግን ይችላል።

ጋዜጠኛው አባት

አንድ መሐንዲስ ጥቂት መንገዶችን ይለውጥ ይሆናል። አገር የለወጠው ግን ሐዘን ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሆላንድ በአንድ ዓመት ከ3,000 በላይ ሰው በመኪና አደጋ ይሞት ነበር፤ በ1971 ከሞቱት ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። በዚያ ዓመት ከሞቱት አንዷ በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት ትሄድ የነበረች የስድስት ዓመት ልጅ ናት። አባቷ ቪክ ላንገንሆፍ “ደ ታይት” በተባለው ጋዜጣ ላይ የሚሠራ ጋዜጠኛ ነበር። በ1972 በጋዜጣው ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ርዕሱ “የልጆች ግድያ ይቁም” የሚል ነበር።

እኛ ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ስለ ቃል አመራረጥ ብዙ ተነግሮናል። የዚህን አባት ምርጫ ያህል ግን ያስተማረን የለም። “አደጋ” አላለም፤ አደጋ እንደ ዝናብና እንደ መብረቅ ከሰማይ የሚወርድ ነው፣ ተጠያቂ የለውም። “ግድያ” አለ። ግድያ ደግሞ የሚያቆመው ሰው ይፈለግለታል። በእኛ ዜናዎች ውስጥ “መኪናው ገጭቶ ተሰወረ” ሲባል ገጪው መኪናው ነው፤ ነጂውም የለም፣ መንገዱን የሠራውም የለም፣ ፍጥነቱን የፈቀደውም የለም። ላንገንሆፍ ያንን ሰዋስው ነው የሰበረው።

ጽሑፉ ንቅናቄ ወለደ፤ ስሙም የጽሑፉ ርዕስ ሆነ። የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ማርቼ ፋን ፑተን የአምስተርዳም ወጣት እናት ነበረች፤ በኋላ የአውሮፓ ፓርላማ አባል ሆናለች። አባላቱ ልጆች የተገጩበትን ቦታ ይዘው ተቀመጡ፣ ለአንድ ቀን መንገድ ዘግተው ልጆች አጫወቱ፣ በብስክሌት ወደ ጠቅላይ ሚኒስትር ዮፕ ደን ኦይል ቤት ሄደው ዘፈኑ። ሰውየው ወጥቶ አዳመጣቸው። መንግሥት ቆይቶ ለማኅበሩ ድጎማ ሰጠው፤ እነሱም መጮህ ብቻ ሳይሆን ፕላን ማውጣት ጀመሩ። እናቶች ከመሐንዲስ ጋር ወረቀት ዘርግተው ስለ መንገድ ጠርዝ ሲከራከሩ አስቡት!

በ1973 ደግሞ የነዳጅ ቀውስ መጣ። የሆላንድ መንግሥት ነዳጅ ለመቆጠብ ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ እሑድ እሑድ መኪና ከለከለ። ቤተሰቦች አውራ ጎዳናው ላይ ብስክሌት ነዱ፣ ልጆች በጎማ ጫማ ተንሸራተቱ። ያው ቀውስ አዲስ አበባም ደርሷል፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲሰቀል ታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ፣ አድማውም ለአብዮቱ መንገድ ከጠረጉት ነገሮች አንዱ ሆነ። አንዱ ነዳጅ እዚያ መንገዱን ለልጆች ሲሰጥ እዚህ ዙፋን ነቀነቀ። ሆላንዶቹ በእነዚያ እሑዶች ያዩትን ነገር አልረሱትም፤ መኪና የሌለበት መንገድ ባዶ ሳይሆን ሙሉ ነበር።

ግቢው ሕግ ሆነ

በ1976 “የመኖሪያ ግቢ” በሆላንድ የትራፊክ ሕግ ውስጥ ገባ። ሕጉ በጊዜው የሚለው እንዲህ ነበር፦ እግረኛው የመንገዱን ሙሉ ስፋት ይጠቀማል፤ ልጆች መጫወት ይችላሉ፤ መኪና በእግር እርምጃ ፍጥነት ብቻ ይሄዳል፤ ምልክት ከተደረገበት ቦታ ውጪ አይቆምም። እግረኛውም በበኩሉ ሆን ብሎ መኪና አያግድም። በሰማያዊ ታፔላ ላይ ቤት፣ ኳስ የያዘ ልጅ፣ ትልቅ ሰውና መኪና ተሳሉ። ከሃምሳ ዓመት በፊት “ባላገር” ተብሎ የተባረረው እግረኛ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን። ግን ግቢው ውድ ነበር። መንገዱን ሙሉ ለሙሉ ነቅሎ እንደገና መሥራት ይጠይቃል፤ ስለዚህ የሚደርሰው ለጥቂት ሰፈር ብቻ ነው። ሆላንዶቹ በአይንድሆቨንና በራይስቫይክ ከተሞች ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ለውጦችን ጎን ለጎን ሞከሩ። የተረዱት ነገር ለድሃ አገር የምሥራች ነው፤ ብዙውን ጥቅም ለማግኘት ውዱን ግቢ መሥራት ግድ አይደለም። ጉብታ፣ ጠበብ ያለ መግቢያ፣ መታጠፊያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ መንገድ ሳይሆን ሰፈሩን በሞላ መያዝ ይበቃል። በ1980ዎቹ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚባለው የሰፈር ክልል የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ለምን 30? ሒሳቡ ከባድ አይደለም። በ30 የሚሄድ መኪና ፊቱ ላይ ልጅ ዘላ ብትገባ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ 13 ሜትር ገደማ ሄዶ ሙሉ በሙሉ ይቆማል። በ50 የሚሄደው ግን ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን እስኪረግጥ ባለችው አንዲት ሴኮንድ ብቻ 14 ሜትር ይሄዳል። ማለትም አንደኛው ቆሞ ባለቀበት ቦታ ሁለተኛው ገና ፍሬን አልያዘም። በሁለቱ መካከል ያለችው ሃያ ኪሎ ሜትር የምትቆጥብልን ደቂቃ ናት፤ የምታስከፍለን ደግሞ ነፍስ።

ሆላንድ በ2023 በመንገድ አደጋ ያጣችው ሰው 684 ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተለወጠው የሰፈር መንገድ ብቻ አይደለም፤ ቀበቶም፣ መኪናውም፣ ሕክምናውም፣ የብስክሌት መንገዱም ድርሻ አላቸው። አምስተርዳም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ አብዛኞቹን መንገዶቿን ወደ 30 አወረደች። የአንድ አባት ጽሑፍ ከወጣ ሃምሳ አንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ማንኛው ሰፈር ይርገብ?

ትራፊክን ማርገብ ግን አንድ አደገኛ ወጥመድ አለው። ትራፊክ እንደ ጎርፍ ነው፤ የአንዱን ደጅ ስትዘጋ ወደ ሌላው ደጅ ይሄዳል። በ1975 የካሊፎርኒያዋ በርክሊ ከተማ በመላው ከተማ የሰፈር መንገዶችን በግድግዳና በአበባ መደብ መዝጋት ጀመረች። ወዲያው ጠብ ተነሳ። እንቅፋቶቹ ይነሱ የሚሉት ወገኖች ጉዳዩን ሁለት ጊዜ ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡት፤ ሁለቱንም ተሸነፉ። ከዚያ ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1982 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተማዋ በክፍለ ግዛቱ ሕግ ያልተፈቀደላትን ነገር ሠርታለች ብሎ ፈረደ። እንቅፋቶቹን ያተረፋቸው ሕግ አውጪው በኋላ ያሻሻለው ሕግ ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሕዝብ ቢደግፍህም ከሥርህ ሕግ ከሌለ ድንጋይህ ይነሳል።

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሲያትል ሌላ መንገድ ሄደች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ሰፈር ውስጥ በጊዜያዊ ዕቃ ሞከረች። የሠራውን አቆየች፣ ያልሠራውን አነሳች። በሰፈር መጋጠሚያዎች መሐል ትንንሽ ክብ የአበባ መደቦች ሠራች፤ ዛሬ ከ1,000 በላይ ናቸው። ጥያቄው ከነዋሪዎች ይመጣል፤ ከተማው ደግሞ ስንት አደጋ ደረሰ፣ ስንት መኪና አለፈ፣ በምን ፍጥነት አለፈ ብሎ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ የበለጠ ይቀድማል። የእሳት አደጋ መኪና ማለፍ መቻሉም ይታያል። እነሆ ፖሊሲ ማለት ይኸው ነው። ባለሥልጣን የሚያውቅ ሰው ያለበት ሰፈር ጉብታ የሚያገኝበት፣ የማያውቀው ሰፈር ሲኖትራክ የሚያገኝበት አሠራር ፖሊሲ አይባልም።

በፖሊሲው የሚድነው ደግሞ እግርና እጅ ብቻ አይደለም። ዶናልድ አፕልያርድ የተባለ የከተማ ተመራማሪ በሳን ፍራንሲስኮ ሦስት ተመሳሳይ መንገዶችን አጥንቶ ነበር። ልዩነታቸው የመኪናው ብዛት ነው። በቀን 2,000 መኪና በሚያልፍበት መንገድ አንድ ነዋሪ በአማካይ 3 ወዳጅና 6.3 የሚያውቃቸው ጎረቤቶች ነበሩት። 16,000 በሚያልፍበት መንገድ ግን ወዳጁ 0.9፣ የሚያውቃቸው 3.1 ብቻ ነበሩ። መኪናው ሳይገጫቸው ሁለት ሦስተኛውን ወዳጅ ወስዶባቸዋል። አፕልያርድ ራሱ በ1982 አቴንስ ውስጥ በፍጥነት ይበር የነበረ መኪና ገድሎታል።

ድንኳኑ

ወደ ቤታችን እንመለስ። አዲስ አበባ ምንም አልሠራችም ማለት ሐሰት ነው። የከተማዋ የመንገድ ደኅንነት ስትራቴጂ ከ2017 ጀምሮ ተጽፎ ተቀምጧል። በለገሃር መስቀለኛ መንገድ በቀለምና በድንጋይ ለእግረኛ ቦታ ተመልሷል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው “መንገድ ለሰው” አስፋልቱን ለልጆች ኳስና ለብስክሌት ሰጥቶ አሳይቶናል። ሰሞኑን ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል። ግን ልብ በሉ፤ እነዚህ በአብዛኛው የዋና መንገድ ሥራዎች ናቸው። በቡካናን ቋንቋ ኮሪደሩ ተሠርቷል፤ ክፍሉስ? ዋናው መንገድ ሲያምርና ሲጨናነቅ “ውስጥ ለውስጥ” የሚሄደው መኪና የት ይሄዳል?

መልስ ያጡ ነዋሪዎች በየሰፈሩ የራሳቸውን መልስ ሰጥተዋል። ሲሚንቶ አቡክተው፣ አፈር ቆልለው፣ አሮጌ ጎማ ቀብረው ጉብታ ይሠራሉ። ሾፌሩ ይራገማል፤ የመኪናው ሆድ ይፋቃል፤ አምቡላንስ ውስጥ የተኛችው ነፍሰ ጡር ትንገላታለች። የነዋሪው ጥያቄ ትክክል ነው፤ መልሱ ያለ መሐንዲስና ያለ ሕግ ሲሆን ግን አንዱን ጉዳት በሌላ መተካት ነው። ዴልፍት ውስጥ ልዩነቱን ያመጣው ነዋሪው ስለተቆጣ ብቻ ሳይሆን ማዘጋጃ ቤቱ ቁጣውን ተቀብሎ ወደ ፕላን ስለለወጠው ነው።

“ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፣ መንገድ የሚሠራው ለመኪና ነው” የሚለን አይጠፋም። ለዚህ ወዳጃችን ስለ ድንኳን እናስታውሰው። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት እድሩ መንገዱ መሐል ድንኳን ይተክላል። አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፣ መንገዱ ይዘጋል። ሾፌሩ ይመጣል፣ ድንኳኑን ያያል፣ ጥሩምባ ሳይነፋ ወደ ኋላ ይመለሳል። ማንም ትራፊክ አልቆመበትም፣ ማንም ታፔላ አልሰቀለም። በዚያች ሰዓት መንገዱ የነዋሪው መሆኑን ሀብታሙም ድሃውም ያውቃል። እኛ ሐሳቡ አልጠፋንም፤ የጠፋን ድንጋጌው ነው።

ስለዚህ ከተማችን የሰፈር መንገድ ፖሊሲ ትጻፍልን። ማን መጠየቅ እንደሚችል፣ በምን ነጥብ እንደሚመዘን፣ በስንት ጊዜ መልስ እንደሚሰጥ የሚል ፖሊሲ። መጀመሪያ በቀለምና በጎማ ተሞክሮ፣ ሠርቶ ሲገኝ በድንጋይ የሚጸና። አንድ መንገድ ሳይሆን ሰፈር በሞላ የሚይዝ፣ የጎረቤትን ደጅ የጎርፍ መውረጃ የማያደርግ። ዘመድ ለሌለው ሰፈርም በጀት ያለው። ዛሬ መንገዱን የሚያስከብርልን የሞተ ሰው ነው፤ ለሦስት ቀን። በሕይወት ላሉት ልጆችም ያንኑ ያህል ክብር የሚሰጥ ሕግ መጠየቅ ይበዛብናል?